ደም ከመሰቀሉ በፊት ስም ደጋግመው ቢጠይቁ አይቆጡ

ጥያቄ፦ እናቴ 61 ዓመቷ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት የማህፀን ቀዶ ሕክምና ይደረግላታል። የደም ማነስ ስላለባት ሁለት ከረጢት ደም ሊያስፈልጋት እንደሚችል ሐኪሙ ነግሮናል። ባለፈው ዓመት ጎረቤታችን ደም እየወሰዱ ሳለ አንቀጥቅጧቸው፣ ‹‹ወገቤን፣ ወገቤን›› ብለው ጮኸው፣ በማግሥቱ አረፉ። ‹‹ደሙ የተበከለ ነበር›› ይባላል። እኔም ኤች አይ ቪና የጉበት ቫይረስ በጣም ያስፈሩኛል። የእናቴም የእኔም ደም ኦ ፖዘቲቭ ነው። ከማላውቀው ሰው ደም ይልቅ የእኔ ቢሰጣት አይሻልም? ሆስፒታሉንስ ምን ብዬ ልጠይቅ?

መልስ፦ እናትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎት። ደም ለበሽተኛ በሚዘጋጅበት ላቦራቶሪ ውስጥ 17 ዓመት ሠርቻለሁ። በእነዚህ ዓመታት ከቤተሰብ የሚቀርብልኝ ጥያቄ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል እንደ እርስዎ ስለ ኤች አይ ቪና ስለ ጉበት ቫይረስ ነው። እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ ግን ሌላ ነው። የጠየቁኝን እመልሳለሁ፤ ያልጠየቁኝን ደግሞ ረዘም አድርጌ እጽፍልዎታለሁ።

ከጎረቤትዎ ልጀምር፤ ነፍሳቸውን ይማር። ካርዳቸውን ስላላየሁ የሞቱበት ምክንያት ይህ ነው ብዬ መፍረድ አልችልም። ይሁን እንጂ ደም እየወረደ ሳለ መንቀጥቀጥና የወገብ ሕመም ሲመጣ ባለሙያ መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ቫይረስ አይደለም። ቫይረስ አልጋ ላይ አያንቀጠቅጥም፤ ድምፁን አጥፍቶ ገብቶ ከሳምንታት፣ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ነው የሚታወቀው። እዚያው አልጋ ላይ የሚያንቀጠቅጥና ወገብን የሚቆርጥ ሲሆን በቅድሚያ የሚጠረጠሩት ከባድ ነገሮች ሁለት ናቸው። አንዱ ከረጢቱ ውስጥ ባክቴሪያ መራባቱ ነው። ሁለተኛው ለሌላ ሰው የተዘጋጀ ደም መሰጠቱ ነው።

ስለ ቫይረሱ ፍርሃትዎ ይህን ልበል። የአገራችን የደም ባንክ በ1969 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ተጀምሮ በ2012 እ.ኤ.አ. ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተዛውሯል፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ደምና ሕብረ ሕዋስ ባንክ አገልግሎት ይባላል። ከለጋሽ የሚቀዳው ደም ለኤች አይ ቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ፣ ለሄፓታይተስ ሲ እና ለቂጥኝ ይመረመራል፤ ከአራቱ አንዱ የተገኘበት ከረጢት ይወገዳል። ታዲያ አደጋው ጨርሶ የለም ማለት ነው? አይደለም። አንድ ሰው በቫይረስ በተያዘባቸው የመጀመሪያ ቀናትና ሳምንታት ቫይረሱ ደሙ ውስጥ እያለ ምርመራው ሳያገኘው የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ይህን ክፍተት በአብዛኛው የሚሸፍነው የለጋሹ እውነተኛ ቃል ነው። ከመቅዳታቸው በፊት ስለ ግል ሕይወቱ፣ ስለ ቅርብ ጊዜ ሕመሙ፣ ወባ ይዞት እንደሆነ የሚጠይቁት ለዚሁ ነው። በገዛ ፈቃዱ፣ ማንም ሳያስገድደው የመጣ ለጋሽ እውነቱን ይናገራል፤ ወይም ‹‹ዛሬ ይቅርብኝ›› ብሎ ይመለሳል።

የእርስዎን ደም ለእናትዎ መስጠት የማልመክረው አንድም በዚህ ምክንያት ነው። እርስዎ የሚደብቁት ነገር አለ ማለቴ አይደለም። ነገር ግን እናት አልጋ ላይ ተኝታ፣ ወንድምና አጎት በር ላይ ቆመው ‹‹ደምህን ስጥ›› የተባለ ሰው እምቢ የሚልበት አንደበት የለውም። ሊነገር የሚገባውን ነገር ዋጥ አድርጎ ይቀዳል። ሁለተኛው ምክንያት በብዙዎች ዘንድ አይታወቅም። ልጅ ከእናቱ ጋር ግማሽ ዘሩን ይጋራል። በሰጡት ደም ውስጥ ያሉት ነጭ ሕዋሳት የእናትዎን አካል በጣም ከመምሰላቸው የተነሣ የእሳቸው ሰውነት እንግዳ መሆናቸውን ሳያውቅ ሊያስተናግዳቸው ይችላል። ከዚያ ተደላድለው ይራቡና መልሰው የእሳቸውን ቆዳ፣ አንጀት፣ ጉበትና የአጥንት መቅኔ ያጠቃሉ። የሚያጋጥመው ከስንት አንዴ ነው፤ ሲያጋጥም ግን የሚተርፈው እጅግ ጥቂት ነው። ከቅርብ ዘመድ የተቀዳ ደም በጨረር ሳይታከም መሰጠት የሌለበት ለዚህ ነው።

ደግሞም ሁለታችሁም ኦ ፖዘቲቭ መሆናችሁ ደማችሁ ይስማማል ለማለት አይበቃም። ቀይ የደም ሕዋስ ላይ ከኤ፣ ከቢና ፖዘቲቭ ወይም ኔጋቲቭ ከሚያሰኘው ከአርኤች ሌላ ብዙ ምልክቶች አሉ። ልጆች የወለዱ ወይም ከዚህ በፊት ደም የወሰዱ እናት ለአንዳንዶቹ ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለት እንግዳውን ሕዋስ የሚያጠቃ መከላከያ፣ አበጅተው ሊሆን ይችላል። እናትዎ ቀደም ሲል ደም ወስደው ከሆነ ለሐኪሙም ለላቦራቶሪውም ይንገሩ። ደምዎን መስጠት ከፈለጉ ግን፣ እባክዎ ይስጡ። ዕድሜዎ ከ18 እስከ 65፣ ክብደትዎ ከ45 ኪሎ በላይ ከሆነና ጤነኛ ከሆኑ በየሦስት ወሩ ለባንኩ መለገስ ይችላሉ። የእርስዎ ደም ለማያውቁት ሰው ይደርሳል፤ ለእናትዎም የማያውቁት ሰው ደም ይደርሳቸዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። ካርል ላንድስታይነር ቪየና ውስጥ የኤ፣ የቢና የኦን ነገር ያሳወቀው በ1901 እ.ኤ.አ. ነበር። ከዚያ በፊት ደም ሲሰጥ ከፊሉ ሰው ይድናል፣ ከፊሉ ይሞታል፤ ምክንያቱን የሚያውቅ አልነበረም። ነገሩ እንዲህ ነው። ደሙ ኦ የሆነ ሰው ከሕፃንነቱ ጀምሮ በደሙ ፈሳሽ ውስጥ ኤን እና ቢን የሚያጠቁ ፀረ እንግዳ አካላት ይዞ ያድጋል። ኤ ወይም ቢ ደም ቢገባበት እነዚህ ወዲያውኑ ይነሡና የገባውን ሕዋስ እዚያው ደም ሥር ውስጥ ያፈነዱታል። ከፈነዳው ሕዋስ የሚወጣው ቀይ ቀለም ኩላሊትን ይጎዳል፤ የደም ግፊት ይወርዳል፤ የደም መርጋት ሥርዓት ይናጋና በሽተኛው ከተቀደደው ቦታ ሁሉ መድማት ይጀምራል። ለዚህ ከረጢቱ ማለቅ አያስፈልገውም፤ ጥቂት ሚሊ ሊትር ሊበቃ ይችላል። ኤቢ የሆነ ሰው ከየትኛውም ዓይነት ቀይ የደም ሕዋስ ቢወስድ ይችለዋል። ኦ ግን የሚቀበለው ከኦ ብቻ ነው። እናትዎ ኦ ናቸውና በስሕተት የሚሰቀል ኤ፣ ቢ ወይም ኤቢ ከረጢት ሁሉ ለእሳቸው አደጋ ነው።

አንድ ሌሊት የሆነውን ልንገርዎት፤ የሆስፒታሉን ስም አልጠራም። ተረኛ ነበርኩ። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ሁላችንም በእጅ ባትሪ ነበር የምንሠራው። ከወሊድ ክፍል ሁለት የደም መጠየቂያ ወረቀት ከሁለት ናሙና ጋር መጣልኝ። የመጀመሪያውን መረመርኩት፤ ኤ ሆነ። ከልማድ የተነሣ መዝገብ ገለጥኩ። ይህችው ሴት ከሦስት ወር በፊት ለእርግዝና ክትትል መጥታ የደም ዓይነቷ ኦ ተብሎ ተጽፏል። ደግሜ መረመርኩት፤ አሁንም ኤ ነው። የሰው የደም ዓይነት በሦስት ወር አይለወጥም። ወደ ዋርዱ ወጣሁ። የሁለቱ ሴቶች አልጋ ጎን ለጎን ነበር። ናሙናውን የወሰደው ተለማማጅ ሐኪም የሁለቱንም ደም በተራ ቀድቶ፣ ሁለቱን ቲዩብ በጋውኑ ኪስ ከትቶ፣ ነርሶቹ ጠረጴዛ ጋ ሲደርስ ነው በፕላስተር ቁራጭ ላይ ስማቸውን በእስክሪብቶ ጽፎ የለጠፈው። ሁለቱም ቲዩቦች መልካቸው አንድ ነው። ኪሱ ውስጥ ተቀያየሩ። እንደገና ቀዳን፤ እሷ ኦ፣ አጠገቧ ያለችው ኤ።

ያ የሦስት ወር መዝገብ ባይኖር፣ እኔ በራሴ ፊርማ ሁለት ከረጢት ኤ ደም ለኦ ሴት እልክ ነበር። ደሙ ከመውጣቱ በፊት መስማማቱን የምናይበት ምርመራ፣ ክሮስማች፣ አያድናትም ነበር። ክሮስማች ከረጢቱን የሚያዛምደው ከቲዩቡ ጋር ነው። ቲዩቡ ውስጥ ያለው የሌላ ሴት ደም ከሆነ ምርመራው አንዳች ሳይጎድልበት ተሠርቶ ‹‹ይስማማል›› ተብሎ ይወጣል። ላቦራቶሪ የሚያውቀው ቲዩቡን ነው። በሽተኛዋን የሚያያት አልጋዋ አጠገብ የቆመው ሰው ብቻ ነው። ያ ተለማማጅ ሐኪም አልተቀጣም፤ ሊቀጣም አይገባም ነበር፤ 20 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ልጅ ነው። የተለወጠው አሠራሩ ነው። ከዚያ ወዲህ እኛ ዘንድ መዝገብ ለሌለው በሽተኛ በተለያየ ሰዓት የተቀዳ ሁለተኛ ናሙና ካልመጣ ከኦ ሌላ ደም አይወጣም።

ይህን የድሃ አገር ጣጣ አድርገው አይዩት። በ2003 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ፣ በዱክ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ ደሟ ኦ ለሆነ የ17 ዓመት ልጅ ደሙ ኤ የሆነ ለጋሽ ልብና ሳንባ ተተከለላት። ብርቱ የተባሉ ቀዶ ሐኪሞች ናቸው የሠሩት። አንዱ ሌላው አረጋግጦታል ብሎ አለፈው። ሌላ ልብና ሳንባ ተፈልጎ ሁለተኛ ቢተከልላትም አልተረፈችም። በብሪታንያ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደም ሲሰጥ የሚደርሱ አደጋዎችን እየመዘገበ በየዓመቱ የሚያወጣ ሥርዓት አለ። በቅርብ ዓመታት ከሚደርሱት ሪፖርቶች ከመቶ ከሰማንያ በላይ የሚሆኑት መነሻቸው የሰው ስሕተት ነው። ከሚፈሩት ቫይረሶች የሚመጣው ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው።

በእኛ አገር ደግሞ ነገሩን የሚያከብድ የራሳችን ጠባይ አለ። የቤተሰብ ስም የለንም፤ ስማቸውም የአባታቸውም ስም አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች በአንድ ዋርድ ተኝተው አይቻለሁ። የትውልድ ቀናቸውን በእርግጠኝነት የማያውቁ ብዙ አረጋውያን ስላሉ ካርዱ ላይ ‹‹60›› ተብሎ በግምት ይሞላል። በቤትና በሠፈር ‹‹ማሚቱ›› ሲባሉ የኖሩ እናት ካርዳቸው ላይ ሌላ ስም አላቸው፤ የክርስትና ስማቸው ደግሞ ሦስተኛ ነው። ‹‹ፀሐይ›› የሚለውን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል አንዱ በቲ ጀምሮ ይጽፈዋል፣ ሌላው በኤስ። አረጋውያኑ ደግሞ ትሑቶች ናቸው። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው መጥቶ ‹‹እርስዎ እገሊት ነዎት?›› ሲላቸው፣ በደንብ ባይሰሙትም፣ ቋንቋው ባይገባቸውም ‹‹አዎ፣ ልጄ›› ይላሉ። ሰው እንዳያስቸግሩ ነው። በዚህ ‹‹አዎ›› የተነሣ ደም ለተሳሳተ ሰው ሊሰቀል ይችላል። ስለዚህ ትክክለኛው አጠያየቅ ‹‹ስምዎ ማን ነው? የአባትዎስ? የአያትዎስ?›› የሚለው ነው፤ መልሱ ከእሳቸው አፍ ይውጣ። የካርድ ቁጥሩ ደግሞ ከስም ሁሉ ይበልጣል፤ ሁለት ሰው አይጋራውም።

እርስዎ ምን ያድርጉ? ናሙናው ሲቀዳ አጠገባቸው ይሁኑ። እናትዎ ስማቸውን እስከ አያት ይናገሩ፤ ቲዩቡ ላይ ስማቸውና የካርድ ቁጥራቸው እዚያው አልጋው አጠገብ ሲጻፍ በዓይንዎ ይዩ። ‹‹በኋላ እጽፈዋለሁ›› የሚል ካለ፣ ‹‹እባክዎ አሁን ይጻፉልኝ›› ይበሉ። ቀዶ ሕክምናው አምስት ቀን ቆይቶ የሚደረግ ከሆነ፣ በቅርቡ ደም ለወሰደ ሰው ናሙናው ከሦስት ቀን በላይ እንደማያገለግል ይወቁ፤ እንደገና እንቅዳ ቢሏቸው አይከፋዎት። ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ከመግባታቸው በፊት ስማቸውና የካርድ ቁጥራቸው እጃቸው ላይ መታሰሩን ያረጋግጡ። ሆስፒታሉ የተዘጋጀ የእጅ መታወቂያ ከሌለው በፕላስተር ይጻፍና አንጓቸው ላይ ይለጠፍ። በማደንዘዣ የተኛ ሰው ‹‹ማሚቱ ነኝ››ም፣ ‹‹በረደኝ››ም አይልም።

ዋርድ ውስጥ ደሙ ሲመጣ ሁለት ባለሙያዎች ከረጢቱን፣ ወረቀቱንና በሽተኛዋን አንድ ላይ አይተው ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ የደም ዓይነት፣ የከረጢት ቁጥርና የሚያበቃበትን ቀን ጮክ ብለው ማንበብ አለባቸው፤ እዚያው አልጋው አጠገብ እንጂ ጠረጴዛ ላይ አይደለም። ‹‹ሲስተር፣ ከመሰቀሉ በፊት ከረጢቱ ላይ ያለውን የእናቴን ስምና ቁጥር አብረን እናንብበው?›› ይበሉ። በዚህ አነጋገር የሚቀየም ባለሙያ ብዙም አላጋጠመኝም። የሚቀየም ቢኖርም ይቀየም።

አስታማሚ ደም እንዲያመጣ የሚላክበት ቦታ አሁንም አለ። ከላኩዎት፣ በበረዶ ሳጥን ይስጡኝ ይበሉና በቀጥታ ወደ ዋርዱ ይሂዱ። ቀይ የደም ሕዋስ የሚቀመጠው ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከማቀዝቀዣ ወጥቶ 30 ደቂቃ ያለፈው ከረጢት ተመልሶ ለሌላ ሰው አይሰጥም፤ መሰጠት ከጀመረም በ4 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት፤ ከዚያ በላይ ክፍል ሙቀት ውስጥ ሲቆይ ባክቴሪያ ይራባበታል። ‹‹ቀዝቃዛ ደም እናቴን ይጎዳታል›› ብለው ከረጢቱን በጋቢ ጠቅልለው ያቀፉ፣ ፀሐይ ላይ ያሰጡ፣ የሞቀ ውኃ ውስጥ የነከሩ ልጆች አይቻለሁ። ከፍቅር ነው። ነገር ግን ከልክ በላይ የሞቀ ደም ከረጢቱ ውስጥ እንዳለ ይፈነዳል። የበረዶ ማስቀመጫ ውስጥ የገባም እንዲሁ። ሌላም አለ፤ እኛ የሚሰቀለውን ፈሳሽ ሁሉ ‹‹ግሉኮስ›› ማለት ልማዳችን ነው። ግሉኮስና ሪንገር ግን ከደም ጋር በአንድ መስመር መውረድ የለባቸውም፤ ግሉኮሱ ሕዋሱን ያፈነዳል፣ ሪንገሩ ውስጥ ያለው ካልሲየም ደሙን ያረጋል። ከደም ጋር የሚሄደው ኖርማል ሳላይን የሚባለው የጨው ውኃ ብቻ ነው። መድኃኒትም ከረጢቱ ውስጥ አይጨመርም።

ደሙ መውረድ ሲጀምር የመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች እጅግ ወሳኝ ናቸው። ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ባለሙያ አጠገብ ይሆናል፤ ሙቀት፣ የልብ ምትና የደም ግፊት ከመጀመሩ በፊትና ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለካል። እናትዎን አስቀድመው እንዲህ ይበሏቸው፦ ብርድ ብርድ ካለሽ፣ ወገብሽን ወይም ደረትሽን ካመመሽ፣ መርፌው የገባበት ደም ሥር ካቃጠለሽ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ካሳከከሽ፣ ወይም ያለ ምክንያት ‹‹ልሞት ነው›› የሚል ፍርሃት ከወረደብሽ ወዲያውኑ ንገሪኝ። ይህን የመጨረሻውን ማንም እንዳይንቀው፤ ከባድ ምላሽ ሲጀምር በሽተኞች የሚናገሩት ነው። እናቶች ደግሞ ‹‹ምንም አይደለም፣ ልጄ›› ማለት ይቀናቸዋልና ፊታቸውን ይዩ። ሽንታቸው የኮካ ኮላ መልክ ከያዘ ያ ትልቅ ምልክት ነው። ከእነዚህ አንዱ ከታየ መጀመሪያ የሚደረገው ደሙን ማቆም ነው። ባለሙያ ይጥሩ፤ እስኪደርሱ ቱቦው ላይ ያለችውን ትንሽ የማስተካከያ ጎማ አዙረው ይዝጉት እንጂ መርፌውን አይንቀሉ። ከረጢቱ አይጣል፤ ከነቱቦው ከአዲስ ናሙና ጋር ወደ ላቦራቶሪ ይመለሳል። እንዲህ ያለ ከረጢት ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማደርገው ቁጥሩን ከወረቀቱ ጋር ማስተያየት ነው።

ትኩሳት ሁሉ ጥፋት ነው ማለት አይደለም። ደም ከወሰዱ ሰዎች ጥቂቱ ቀላል ትኩሳት ወይም ሽፍታ ያገኛቸውና በመድኃኒት ያልፋል። ነገር ግን ቀላል መሆኑ የሚታወቀው ደሙ ቆሞ ከተጣራ በኋላ ነው። በእናትዎ ዕድሜ ደግሞ ሌላ የምሰጋው አለ፤ ልባቸው ወይም ኩላሊታቸው ደከም ያለ ከሆነ በፍጥነት የገባው ደም ሳንባቸው ላይ ውኃ ያቁርባቸዋል። በአሜሪካ በቅርብ ዓመታት ከደም መውሰድ ጋር ተያይዘው ለሚመዘገቡ ሞቶች ቀዳሚ ከሆኑት ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ስለዚህ አንድ ከረጢት ተሰጥቶ፣ ታይቶ፣ ካስፈለገ ሁለተኛው ይቀጥላል፤ ሁለቱን በጥድፊያ ማውረድ የሚገባው ደም እየፈሰሳቸው ከሆነ ነው። ሐኪሙንም አንድ ነገር ይጠይቁልኝ፤ ቀዶ ሕክምናው ቢዘገይ የማይጎዳቸው ዓይነት ነው? ሊቆይ የሚችል ከሆነ ለጥቂት ሳምንታት ብረት ወስደው ደማቸው ከፍ ሲል ቢገቡ ከረጢቱ ላያስፈልግ ይችላል። ካንሰር ከተጠረጠረ ወይም እየደሙ ከሆነ ግን እንዲዘገይ አይጎትጉቱ።

ቤት ከገቡ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ዓይናቸውን ይዩላቸው። ዓይናቸው ቢጫ ከሆነ፣ ሽንታቸው ከጠቆረ፣ ወይም ደም ወስደው ተሻሽለው የነበሩት ሰው ያለ ምክንያት እንደገና ከገረጡና ከደከሙ፣ ዘግይቶ የሚመጣ ምላሽ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ከአምስት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ነው የሚታየው። ከሆስፒታሉ ሲወጡ መቼ፣ ስንት ከረጢት፣ ምን ዓይነት ደም እንደወሰዱና ምላሽ አሳይተው እንደነበር በወረቀት ያጽፉ። ወረቀቱን ከመታወቂያቸው ጋር ያስቀምጡት፤ ወደ ሌላ ሆስፒታል ቢሄዱ የሚያገኛቸው ባለሙያ የሚገልጠው መዝገብ የለውምና ያቺኑ ወረቀት ያሳዩት።